«የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር በምናስተምር የሒሳብ መምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ፣ «የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር» የሚል ርዕስ የተሰጠው አራት ገጽ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት ሳይገባኝ ቀርቶ ሳይሆን፣ ተማሪዎቼ የጽሑፉን ቃል እንደ ማስረጃ ጠቅሰው ክፍል ውስጥ ስለ ተከራከሩኝ ነው። ስም ስላልሰፈረበት ባለቤቱን «ጸሐፊው» እያልሁ በአክብሮት እጠራቸዋለሁ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። 2147483647 ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ማለትም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተር ከእርሱ አልፎ መቁጠር ስለማይችልም ከብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ብቸኛ የሆነበት ምክንያት ከ2³¹ − 1 ስለሚገኝና 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነው። ኦይለር የተባለው ሊቅ አረጋገጠው ቢባልም ሁለት ቢሊዮን ጊዜ በእጁ ሊያካፍል ስለማይችል ነገሩ ግምት ነው። የአሃዞቹ ድምር እንደገና ተደምሮ አንድ መምጣቱ የብቸኝነቱ ምስክር ነው። የባንኮች ምስጢር የሚቆለፈው በዚህ ቁጥር ነው። በመጨረሻም በ2030 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ኮምፒውተሮች ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ ደርሰው ይቆማሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነው ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑና 2³¹ − 1 መሆኑ ብቻ ነው። የቀረው አንዳንዱ ግማሽ እውነት፣ አንዳንዱም ፈጽሞ ስሕተት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአውሮፓ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

«የመጨረሻው ነው» የሚለውን ለመመለስ ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። ከ2147483647 ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር 2147483659 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ብቻ ነው። እስከ 2147483647 ድረስ፣ እርሱን ጨምሮ፣ 105,097,565 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ ከእርሱ በላይ እስከ 2³² ባለው ክልል ብቻ ደግሞ ሌሎች 98,182,656 አሉ። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ያሳየውን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊከተለው ይችላል፦ አሉ የምትላቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዝተህ አንድ ብትጨምር፣ የተገኘው ቁጥር በአንዳቸውም ያለ ቀሪ አይካፈልም፤ ስለዚህ በዝርዝርህ ውስጥ ያልነበረ ብቸኛ አካፋይ አለው። (ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የተገኘው ቁጥር ራሱ ብቸኛ ነው» ብለው ይሳሳታሉ። 2 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13 + 1 = 30031 ሲሆን ይህም 59 × 509 ነው። አዲሶቹ 59 እና 509 ናቸው እንጂ 30031 አይደለም።)

የጸሐፊው መነሻ የኮምፒውተሩ ወሰን ስለሆነ ግን እዚያ ላይ ጥቂት ልቆይ። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ነው። ለአንድ ቁጥር 32 ቦታ ሲመደብና አንዱ ቦታ ለአዎንታዊና ለአሉታዊ ምልክት ሲተው 31 ቦታ ይቀራል፤ በ31ዱም ቦታ 1 ሲጻፍ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው። ይህ ሰው የመደበው የቦታ ልክ ነው እንጂ የቁጥሮች ጠባይ አይደለም። ሌሎቹን ምደባዎች ብናይ ይህ ግልጽ ይሆናል። 8 ቦታ ሲመደብ ትልቁ 127 ነው፤ ብቸኛ ነው። 16 ሲመደብ 32767 ነው፤ ይህ ግን 7 × 31 × 151 ነው። 32 ሲመደብ የኛው ቁጥር ይመጣል። ዛሬ በየኪሳችን ባሉት ስልኮች ዘንድ የተለመደው 64 ሲሆን ትልቁ 2⁶³ − 1፣ ማለትም 9223372036854775807 ነው፤ ይህም በ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የማሽን ወሰንና ብቸኝነት በ32 ላይ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው።

ጸሐፊው በዚህ ስሕተት ብቻቸውን አይደሉም። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ ቁጥር ስለሚወለደው ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ከእንግዲህ አይገኝም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ከዚያ በላይ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ነበር። ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው፤ 6 = 1 + 2 + 3፣ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14። የኛ ቁጥር በ2³⁰ ሲባዛ 2305843008139952128 የተባለውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል። የባርሎው ትንቢት ከሰባ ዓመት በላይ አልቆየም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ 2 በ136,279,841 አርቢ ተነሥቶ፣ ማለትም ያን ያህል 2ቶች እርስ በርስ ተባዝተው፣ አንድ የተቀነሰለት ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ የኛው 10 አሃዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «31 ብቸኛ ስለሆነ 2³¹ − 1ም ብቸኛ ነው» የሚለው ነው። ነገሩ ተገልብጦ ነው የተያዘው። 2 በአንድ አርቢ ተነሥቶ አንድ ሲቀነስ ብቸኛ ከሆነ አርቢው የግድ ብቸኛ ነው፤ አርቢው ከሁለት ቁጥሮች ብዜት የተገኘ ከሆነ ውጤቱም አብሮ ይከፈላልና። ለምሳሌ 2⁶ − 1 = 63 በ2² − 1 እና በ2³ − 1፣ ማለትም በ3 እና በ7 ይካፈላል። የአርቢው ብቸኝነት ግን ብቻውን አይበቃም። 2¹¹ − 1 = 2047 = 23 × 89። 2²³ − 1 በ47 ይካፈላል። 2²⁹ − 1 በ233 ይካፈላል። እስከ 31 ድረስ ካሉት 11 ብቸኛ አርቢዎች ሦስቱ ወደቁ፣ ስምንቱ አለፉ፤ የኛ ቁጥር ስምንተኛው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚያልፉት እየራቁ ይሄዳሉ።

ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን በ1644 ያልፋሉ ብሎ ከዘረዘራቸው አርቢዎች ውስጥ 67 ነበረበት። በ1876 ሉካ የተባለ የአገሩ ሰው 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ እንዳልሆነ አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። እነርሱን ያገኘው በ1903 አሜሪካዊው ኮል ነው፦ 193,707,721 × 761,838,257,287። መርሴን ከዘነጋቸው አንዱ ደግሞ 61 ሲሆን፣ በ1883 ይህን ያረጋገጠው ፔርቩሺን የሚባል የሩሲያ ገጠር ቄስ ነው። ቁጥር ማስላት የቤተ ክህነት ሰው ሥራ መሆኑ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለምና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። ጸሐፊው «ኦይለር ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ሊያካፍል አይችልም» ማለታቸው ልክ ነው፤ ስሕተቱ «ስለዚህ ገመተ» በሚለው ላይ ነው። ኦይለር በ1772 ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ መንገዱን ገልጾታል፤ መንገዱም እየቀነሱ ቀሪውን የመያዝ፣ በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ የመግደፍ መንገድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል። የ2030 ዓ.ም.ን በዓላት ለማውጣት 5500 እና 2030 ተደምረው 7530 ይሆናሉ፤ በ19 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመን ሲያትቱ ወንበሩ 5 ነው፤ 5 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 25፣ 5 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 5 ይሆናል። እዚህ ማንም 7530 ዓመት አንድ በአንድ አልቆጠረም። የሚፈለገው ቀሪው ብቻ ስለሆነ ትልቁ ቁጥር በትንሹ ተተካ። ኦይለርም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ማሳጠሪያ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ አንደኛው ከዳግም ዘሩ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያን ቁጥር ከሚሰጠው፣ ሊበልጥ አይችልም። የ2147483647 ዳግም ዘር ከ46,340 በላይና ከ46,341 በታች ነው። ስለዚህ ከ46,340 በላይ መሞከር አያሻም፤ ከዚያ በታችም መሞከር ያለባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 4,792 ናቸው። ሁለቱ ቢሊዮን ገና ከመጀመሪያው ወደ አምስት ሺህ ወረደ።

ሁለተኛው ማሳጠሪያ ጥልቅ ነው። ቁጥሩ «ቀ» የሚባል ብቸኛ አካፋይ አለው እንበል። እንግዲያው 2³¹ በቀ ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ማለትም 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ርቢዎቹን በቀ ስንገድፍ ቀሪዎቹ በ31ኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ። ቀድመው ሊመለሱ ይችሉ ይሆን? አይችሉም። የዙሩ ርዝመት 31ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ 31 ብቸኛ ስለሆነ ደግሞ ርዝመቱ ወይ 31 ወይ 1 ነው፤ 1 ከሆነ 2 ራሱ በቀ ሲገደፍ 1 ይተርፋል ማለት ነው፣ ይህም ሊሆን አይችልም። የ31 ብቸኝነት ጥቅሙ በትክክል እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው የሰጡትን ትልቅ ሥልጣን ሳይሆን ይህን ትንሽ ግን አስፈላጊ ሥራ ይሠራል። ቀጥሎ ፌርማ በ1640 ያስታወቀው ሕግ ይገባል፦ 2 ከቀ በአንድ ባነሰ አርቢ ሲነሣና በቀ ሲገደፍ ምንጊዜም 1 ይተርፋል። እንግዲህ ዙሩ ቀ ሲቀነስ አንድን ያካፍላል፤ ማለትም ከቀ አንድ ሲቀነስ በ31 ይካፈላል። ቀ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አንድ ሲቀነስለት በ2ም ይካፈላል። ስለዚህ ቀ በ62 ሲገደፍ የሚተርፈው 1 ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ማሳጠሪያ ይደረባል። 2³¹ በቀ ሲገደፍ 1 ከተረፈ፣ 2³² ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ዳግም ርቢ፣ ማለትም 2¹⁶ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በቀ ሲገደፍ 2 የሚተርፈው ዳግም ርቢ አለ። ይህ የሚሆነው በ8 ሲገደፉ 1 ወይም 7 በሚተርፉ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። በትንንሾቹ ላይ መሞከር ይቻላል፦ በ7 ላይ 3 × 3 = 9 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ በ17 ላይ 6 × 6 = 36 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ በ5፣ በ11 እና በ13 ላይ ግን የቱንም ቁጥር በራሱ ብታባዛ 2 አይተርፍም። ሁለቱን ሁኔታዎች እናጋባቸው። በ62 ሲገደፉ 1 የሚተርፋቸው ቁጥሮች በ248 ሲገደፉ 1፣ 63፣ 125 ወይም 187 ይተርፋቸዋል። እነዚህ አራቱ በ8 ሲገደፉ በቅደም ተከተል 1፣ 7፣ 5 እና 3 ይሰጣሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ይወድቃሉ። እንግዲህ ቀ በ248 ሲገደፍ ወይ 1 ወይ 63 ብቻ ይተርፋል፤ በደብዳቤው የሰፈሩትም እነዚህ ሁለት ቅርጾች ናቸው።

ምን ያህል ቀረ? 63 ብቸኛ አይደለም፤ 249 በ3 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ለሙከራ የሚበቃ 311 ነው፤ ቁጥራችን በ311 ሲገደፍ 35 ይተርፋል። ቀጥሎ 1303፣ ቀጥሎ 1489 እያለ እስከ 46,340 ድረስ ሲኬድ የሚሞከሩት ከመቶ አይሞሉም። ካልኩሌተር ለያዘ ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ ጥቂት የቀረው፣ አብዛኛውን በቃሉ እያሰላ ለሌሎች ያስጽፍ የነበረው የሴንት ፒተርስበርጉ ሽማግሌ ኦይለር ይህን አደረገ፤ ሁሉም ሙከራ ቀሪ ተወ፤ ቁጥሩም ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ። (ያ ዘመን እዚህ ጎንደር ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የነገሡበት ነው።) በዚህ ውስጥ ግምት የት ላይ እንደ ገባ ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ማንም የኦይለርን እጅ ሳያምን በሌላ መንገድም ሊፈትነው ይችላል። ሉካ ጀምሮት በኋላ አሜሪካዊው ሌመር ያስተካከለው ፈተና እንዲህ ነው፦ ከ4 ተነሣ፤ በራሱ አባዝተህ 2 ቀንስ፤ በሚፈተነው ቁጥር ግደፍ፤ ይህን ከአርቢው ሁለት ሲቀነስ የሚቀረውን ያህል ጊዜ ድገም፤ በመጨረሻ ዜሮ ከተረፈ ብቸኛ ነው፣ ካልተረፈ አይደለም። በ2⁵ − 1 = 31 ላይ፦ 4፣ 14፣ ከዚያ 194 ሲገደፍ 8፣ ከዚያ 62 ሲገደፍ 0። በ2047 ላይ ግን ዘጠኝ ጊዜ ተደጋግሞ በመጨረሻ 1736 ይተርፋል፤ ስለዚህ ወደቀ። ለኛ ቁጥር 29 እርምጃ ይበቃል። የ41 ሚሊዮን አሃዙ ቁጥርም የተረጋገጠው በዚሁ ፈተና ነው።

የአሃዝ ድምሩን በተመለከተ፣ 2 + 1 + 4 + 7 + 4 + 8 + 3 + 6 + 4 + 7 = 46፣ 4 + 6 = 10፣ 1 + 0 = 1 መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን ቁጥሩ በ9 ሲገደፍ 1 ይተርፋል ከማለት የተለየ ነገር አይናገርም፤ ምክንያቱም አሃዝ መደመር ራሱ በ9 የመግደፍ ዘዴ ነው። የ2 ርቢዎች በ9 ሲገደፉ በየስድስት እርምጃው ይደጋገማሉ፤ ስለዚህ በ6 ሲገደፍ 1 የሚተርፈው አርቢ ሁሉ ይህንኑ «1» ይሰጣል። 31 እንዲህ ነው። 67ም እንዲህ ነው። የኮል ያ ውሁድ ቁጥር፣ 147573952589676412927፣ አሃዞቹ ቢደመሩ መጨረሻው 1 ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለት አካፋዮቹን ከላይ ጽፌያቸዋለሁ። ምስክሩ ለሐሰትም የሚመሰክር ከሆነ ምስክርነቱ ውድቅ ነው።

ስለ ባንኮቹ አጭር ልሁን። ብቸኛ ቁጥሮች በምስጢር አጠባበቅ ውስጥ ሥራ አላቸው፤ በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ያወጡት ዘዴ ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን በማባዛት ላይ የቆመ ነው። ዛሬ በተለመደው ልክ እያንዳንዳቸው 300 አሃዝ ያህል ያላቸው ሲሆኑ፣ ኃይላቸው ማንም ስለማያውቃቸው ነው። ዓለም ሁሉ ከ1772 ጀምሮ የሚያውቀው ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ቁልፍ ሊሆን አይችልም። ይህ ማለት ግን ባርሎው እንዳለው ከጥቅም ውጭ ነው ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን እንዲያወጣ ሌመር ባመጣው ዘዴ ለረጅም ጊዜ ከተሠራባቸው አንዱ ይህን ቁጥር መግደፊያ አድርጎ ይጠቀማል፦ ያለህን ቁጥር በ16807 አባዛ፣ በ2147483647 ግደፍ፣ ቀሪውን ያዝ፣ ድገም። 16807 ማለት 7⁵ ነው። መግደፊያው ብቸኛ ስለሆነና 16807ም በጥንቃቄ ስለ ተመረጠ፣ ቀሪዎቹ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ጎብኝተው ሳይጨርሱ ወደ ተነሡበት አይመለሱም።

የቀረው የጥምቀቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነት ቀርበዋል። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ መነሻቸውም የአውሮፓ 1970 የባተበት የግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቆጠራው በ32 ቦታ ከተያዘ 2147483647ኛው ሰከንድ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በተሰበሰበበት ጧት መሆኑ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ «ሁሉም ይቆማሉ» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ጊዜን በ64 ቦታ የሚይዙት ማሽኖች ያቺን ሰከንድ እንደ ማንኛዋም ያልፏታል። በ32 ቦታ ቀርተው ያልታደሱትም መቁጠራቸውን አያቆሙም፤ በቀጣዩ ሰከንድ የምልክቱ ቦታ 1 ሆኖ ቆጠራው ወደ −2147483648 ይገለበጥና፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ነው ብለው፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምረው ወደ ፊት መቁጠራቸውን ይቀጥላሉ።